የወልወል ውሃ ጉድጓድና የጄኔቫው ሸንጎ

እናንተ የኪራሙና የአካባቢው ገበሬዎች የወሰን ክርክር ምን እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። እኔ ከተማ ያደግሁ ተማሪ ነኝ። ሰው በጎረቤቱ ማሳ ላይ አንድ ፈር ሲጨምር፣ ሽማግሌ ሲጠራ፣ ዋስ ሲቆም ያየሁት እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለመረዳት ትልቅ ትምህርት አያስፈልጋችሁም። ነገሩ የወሰን ክርክር ነው። ተከራካሪዎቹ ግን ሁለት መንግሥታት ናቸው። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡትም ከሃምሳ የሚበልጡ መንግሥታት ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ መጻሕፍት የጀርመኑ ሂትለር ፖላንድን የወረረበትን ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ይጠቅሳሉ። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።) እሳቱ ግን የተጫረው ቀደም ብሎ ነው። ከተጫረባቸው ቦታዎች አንዱ በአገራችን ነው፤ በኦጋዴን ምድር ወልወል የሚባል የውሃ ጉድጓድ ያለበት ቦታ።

ከጉድጓዱ በፊት ስለ ሸንጎው እንነጋገር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1911 ዓ.ም. ሲያበቃ ሚሊዮን በሚሊዮን ላይ የሆነ ሕዝብ አልቆ ነበር። መንግሥታቱ ከዚያ በኋላ «ሁለተኛ እንዲህ አንዋጋም፤ ጠብ ሲነሣ በሸንጎ እንጨርሰው» ብለው በ1912 ዓ.ም. አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የመንግሥታት ማኅበር ይባላል። መቀመጫው ስዊስ በምትባል አገር በጄኔቫ ከተማ ነበር። መተዳደሪያ ውሉ 26 አንቀጽ ነበረው። ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ይበቁናል። አንቀጽ 10 የአንዱን አባል መሬት ሌላው እንዳይነካ አባሎቹ ሁሉ ይጠብቁ ይላል። አንቀጽ 16 ደግሞ ውሉን ጥሶ በአንድ አባል ላይ ጦር ያነሣ በሁሉም ላይ እንዳነሣ ይቈጠር ይላል። አንዱን የመታ ሁሉን መታ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ዋስ አይገኝም።

ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው። ስትገባ በቀላሉ አልገባችም። በዚያን ጊዜ በአገራችን ባርነት ገና አልጠፋም ነበርና፣ እሱን ለማጥፋት ቃል ግቢ ተብላ ቃል ገብታ ነው የገባችው። ኢጣሊያም «ትግባ» ካሉት አንዷ ነበረች። ይህን አትርሱት።

አባልነቱ መጀመሪያ ላይ ጠቅሟል። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተጻጻፉ። እንግሊዝ ጣናን፣ ኢጣሊያ ደግሞ የባቡር መንገድ እንድታገኝ ሊደጋገፉ ተስማሙ። ይህ የእኛን ማሳ ሁለት ጎረቤቶች ከአጥር ውጭ ቆመው እንደ መከፋፈል ያለ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ ጮኸች። ሁለቱም አፈሩና «ክፉ አላሰብንም» ብለው መለሱ። እንግዲህ የዚያን ዘመን መሪዎቻችን በጄኔቫ መታመናቸው ሞኝነት ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሲሠራ አይተውታል።

በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ጠብ ቢነሣ በግልግል ዳኝነት እንጨርሳለን፣ ወደ ጦር አንሄድም የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ነበረበት። የግልግል ዳኝነት ማለት በኦሮምኛ ጃርሱማ ከምትሉት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሁለቱም ወገን ዳኞች ይመርጣሉ፤ ካልተስማሙ ደግሞ አንድ መካከለኛ ሰው ይጨመራል።

ዲፕሎማሲ የሚባለውም ቃል ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። መንግሥታት በጠመንጃ ፈንታ በቃልና በወረቀት የሚነጋገሩበት መንገድ ማለት ነው። ቃሉ የውጭ ነው፤ ሥራውን ግን ሽማግሌዎቻችሁ ያውቁታል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንሂድ።

ኦጋዴን እንደ ወለጋ ዝናብ የሚዘንብበት አገር አይደለም። እዚህ ክረምት ሲገባ ጭቃው ያስቸግራል፤ እዚያ ግን ግመሉም ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። ጉድጓድ የያዘ ግጦሹን ያዘ፤ ግጦሹን የያዘ አገሩን ያዘ። ኢጣሊያ ያን ጊዜ በምሥራቅ በኩል የሶማሌን ባሕር ዳርቻ፣ በሰሜን በኩል ኤርትራን ይዛ ነበር። ከሶማሌው በኩል ቀስ እያለች ገፋችና ከወሰኑ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኢትዮጵያ ክልል ገብታ ወልወል ላይ ምሽግ ሠራች። ከለከላት የለም። ፈር በፈር መግፋት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ይባላል።

በኅዳር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ኮሚሲዮን ግጦሽና ወሰን ለመመርመር ከነአጃቢው ወልወል ደረሰ። የእንግሊዞቹ መሪ ኮሎኔል ክሊፎርድ የሚባል ነበር። ሲደርሱ በጉድጓዱ ላይ የኢጣሊያ ሹማምንት የሚያዟቸው የሶማሌ ወታደሮች ተቀምጠዋል። ክሊፎርድ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈና ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የኢትዮጵያ አጃቢ ጦር ግን በፊታውራሪ ሽፈራው መሪነት እዚያው ቀረ። ሁለቱ ወገኖች ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ሁለት ሳምንት ያህል ተፋጠው ቆዩ። በኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ማን ቀድሞ እንደ ተኮሰ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ኢጣሊያኖቹ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና አሰለፉ። ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ በኢጣሊያም በኩል ብዙ ሶማሌዎች ሞቱ።

ኢትዮጵያ ምን አደረገች? በሳምንቱ ውስጥ «በ1920ው ውል መሠረት በግልግል ዳኝነት እንየው» አለች። ኢጣሊያ ግን «ዳኝነት አያስፈልግም፤ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ» አለችና የሚከተለውን ጠየቀች፤ የሐረርጌው ገዥ ወልወል ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ለኢጣሊያ ባንዲራ ሰላምታ ይስጡ፣ 200,000 ብር ካሣ ይከፈል። ለኢጣሊያ ባንዲራ በወልወል ላይ ሰላምታ መስጠት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መሬቱ ያንተ ነው ብሎ መፈረም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኢጣሊያው መሪ ሙሶሊኒ በታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ለጦር አለቆቹና ለሹማምንቱ በምስጢር ትእዛዝ አስተላለፈ። ትእዛዙ የኢትዮጵያ ጦር ይደምሰስ፣ አገሪቱም በሙሉ ትያዝ የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያን ቀን የግልግሉ ዳኞች ገና አልተመረጡም። ኢትዮጵያም ጉዳይዋን በማኅበሩ ውል መሠረት ለጄኔቫ ያመለከተችው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ፣ ስብሰባው፣ ቴሌግራሙ፣ የሚኒስትሮቹ መመላለስ፣ የሆነው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ምን ሠሩ?

ትልልቆቹ ሁለቱ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። ፈረንሳይ ሂትለርን ትፈራለች። በ1927 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሂትለር ወጣቱን በግዴታ ወታደር ማድረግ ሲጀምር ፍርሃቷ ጨመረ። ስለዚህ ኢጣሊያን ማስቀየም አልፈለገችም። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በታኅሣሥ 29 ቀን፣ እኛ የልደትን በዓል ስናከብር ማለት ነው፣ ሮማ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። በአፍሪካ ምድረ በዳ መሬት ቈርሶ ሰጠው፤ ከጅቡቲው ባቡር አክሲዮንም አካፈለው። ስለ ኢትዮጵያ በወረቀቱ ላይ ብዙ አልተጻፈም። በቃል ግን አንድ ነገር ተባብለዋል። ሙሶሊኒ በኋላ «እንደ ፈቀድህ አድርግ ብሎኛል» አለ፤ ላቫል ደግሞ «ስለ ንግድ ብቻ ነው ያልኩት» አለ። ምስክር በሌለበት የተነገረ ቃል እንዲህ ነው። በሚያዝያ ወር ደግሞ ሦስቱ መንግሥታት፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ፣ ስትሬዛ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተሰብስበው በአውሮፓ ሰላምን እንጠብቃለን ብለው መግለጫ አወጡ። አፍሪካ የሚል ቃል አልነበረበትም። ሙሶሊኒ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቈጠረው።

የግልግሉ ዳኞች በመጨረሻ ተሰየሙ። ኢጣሊያ ሁለት ኢጣሊያኖች መረጠች። ኢትዮጵያ የመረጠቻቸው የሕግ ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊ፣ አንዱ አሜሪካዊ ነበሩ። ዳኞቹ ሥራ ሲጀምሩ ግን ክርክር ተነሣ። ወልወል የማን መሬት እንደሆነ ይመርመር ወይስ አይመርመር? ኢጣሊያ አይሆንም አለች። በሐምሌ ወር መጨረሻ የማኅበሩ ምክር ቤት የኢጣሊያን ሐሳብ ተቀበለና ዳኞቹ የመሬቱን ባለቤትነት እንዳያዩ ወሰነ። ማን ተኮሰ የሚለውን ብቻ እንዲያዩ ተባለ።

እስቲ አንዴ ቆም በሉ። አንድ ሰው በሌሊት በማሳችሁ ገብቶ ጎጆ ሠራ እንበል። ስትሄዱ ዱላ ተማዘዛችሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና «ማሳው የማን እንደሆነ አንጠይቅም፤ ዱላ ቀድሞ ያነሣው ማን ነው?» አሉ። እንዲህ ዓይነት ጃርሱማ በኪራሙ ቢካሄድ ማን ይቀመጥለታል? የጄኔቫው ግን ተካሄደ። አንድ ግሪካዊ የሕግ ሊቅ፣ ፖሊቲስ የሚባል፣ አምስተኛ ዳኛ ሆኖ ተጨመረ። በነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ፍርዱ ወጣ። በወልወል ተኩስ ኢትዮጵያም ኢጣሊያም አይጠየቁበትም አለ። ዘጠኝ ወር ተለፍቶ የተገኘው ይህ ነው። እኔ ዳኞቹን አልወቅስም፤ አጥሩን ያጠረባቸው ምክር ቤቱ ነው።

በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ኢጣሊያ አልተኛችም። ወታደር፣ መኪና፣ ጥይትና ሲሚንቶ የጫኑ መርከቦች በስዊዝ ቦይ እያለፉ ምጽዋ ይደርሱ ነበር። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ጦር ኤርትራ ገባ። መንገድ ተሠራ፤ ወደቡ ሰፋ። ቦዩ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ኩባንያ እጅ ነበርና መርከቦቹ የማለፊያ ገንዘብ እየከፈሉ አለፉ። ለጦርነቱ የቀረው ነገር ምን መሰላችሁ? ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቅ። የተራራውን መንገድና የወንዙን ሙላት እናንተ ታውቁታላችሁ። ሽምግልናው ክረምቱን ሙሉ ሲጓተት ኢጣሊያ ያልከለከለችው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያስ? ጠመንጃ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበራትም። ከውጭ መግዛት ነበረባት። በዚያው ክረምት እንግሊዝና ሌሎችም «ለሁለቱም ተጣይ የጦር መሣሪያ አንሸጥም፤ አናዳላም» አሉ። አለማዳላት ይመስላል አይደል? ኢጣሊያ ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም በአገሯ ትሠራለች። አንዱ ጎተራ ሙሉ እህል አለው፣ ሌላው ከገበያ ነው የሚሸምተው፤ ገበያው ለሁለቱም ተዘጋ። የሚራበው ማን ነው?

የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር በጳጉሜ 6 ቀን 1927 ዓ.ም. በጄኔቫ ተነሥቶ እንግሊዝ የማኅበሩን ውል እንደምታስከብር የሚገልጽ ብርቱ ንግግር አደረገ። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ ቀን ናት፤ እንዲህ ያለው ንግግርም እንደሷ ብርቅ ነበር። ሰሚው ሁሉ ደስ አለው። ነገር ግን ሆር ከዚያ ቀደም ብሎ ከላቫል ጋር ለብቻቸው ተቀምጠው ጦር የሚያስነሣ እርምጃ በኢጣሊያ ላይ እንዳይወሰድ ተስማምተው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በበኩላቸው «ትንኰሳ አደረጉ» እንዳይባል ጦራቸው ከወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲል አዘዙ። 30 ኪሎ ሜትር የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ያን ያህል መሬት ባዶውን ተተወ።

በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የኢጣሊያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። በዚያው ቀን አድዋ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ያቺ በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያ የተሸነፈችባት አድዋ።

አሁን ማኅበሩ መፍረድ አልቀረለትም። በሳምንቱ ውስጥ ኢጣሊያ ውሉን ጥሳ ጦርነት አነሣች ተብሎ ተፈረደባት። ከሃምሳ አባሎች ያህሉ ማዕቀብ እንዲጣልባት ተስማሙ። ማዕቀብ ማለት በጥፋተኛ አገር ላይ የሚደረግ የንግድ ክልከላ ነው። በመንደር ጥፋተኛን «እሳት አትስጡት፤ ውሃ አታጠጡት» እንደሚባለው ነው። በኅዳር 8 ቀን ተጀመረ። ለኢጣሊያ ብድር ተከለከለ፤ የኢጣሊያን ዕቃ መግዛትም ተከለከለ።

ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ ከተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኙበታል። ቀልድ አይደለም፤ በውሳኔው ላይ የተጻፈ ነው። ቤንዚን ግን አልተከለከለም። የድንጋይ ከሰልና የተሠራ ብረትም አልተከለከሉም። አውሮፕላኑ በቅሎ አይጐትተውም፤ ታንኩም ገለባ አይበላም። በቤንዚን ነው የሚሄዱት። ስለ ቤንዚን በየስብሰባው ተነሥቶ ለሚቀጥለው ይተላለፍ ነበር። አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች «እኛ ብንከለክል እሷ ትሸጣለች» የሚል ምክንያት ይቀርባል። ስዊዝ ቦይም ሳይዘጋ ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙሶሊኒ ራሱ ለሂትለር ሲያጫውተው «ማዕቀቡ ቤንዚንን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ነበረብኝ» እንዳለ የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ሽሚት ጽፎታል።

ማዕቀቡ ገና ወር ሳይሞላው ሆርና ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኙ። በምስጢር ባወጡት ዕቅድ ከኢትዮጵያ መሬት ትልቁን ክፍል ለኢጣሊያ ሰጡ። ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ ባሕር የምትወጣበት ጠባብ መንገድ ቀረላት። ዕቅዱ ሾልኮ የፓሪስ ጋዜጦች አወጡት። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ሆርም በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ። ሕዝቡ አልተታለለም ነበር። መንግሥታቱ ናቸው የተንሸዋረሩት።

በዚያው ወር የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ። ኢጣሊያ በመርዝ ጋዝ አልዋጋም ብላ ፈርማ ነበር። ጋዙ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ውሃውንና ሣሩን ይበክላል። በባዶ እግሩ በቅጠል ላይ የሚራመደው ወታደር፣ ከምንጭ የሚጠጣው እረኛና ከብቱ አለቁ። ኢትዮጵያ ወደ ጄኔቫ ቴሌግራም በቴሌግራም ላይ ላከች። ቴሌግራሙ ይመዘገባል፤ ለአባሎች ይታደላል። ከዚያ በላይ አልሄደም። በመጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ዋናው ጦር ተሸነፈ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አገር ለቀው ሄዱ። በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ነገሩ ወደ እናንተ አገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ስትያዝ ወለጋና ኢሉባቦር ገና አልተያዙም ነበር። የመንግሥቱ ሥራ በጎሬ ቀጥሎ ነበር፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው እዚያ ነበሩ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ሌሎችም የተማሩ ሰዎች ነቀምቴ ላይ ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ። መሪው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ የከብት ሐኪም ናቸው። ነቀምቴ ያን ጊዜ ለቀምት ትባል ነበር።

ጄኔቫን ያመነው የአዲስ አበባ መንግሥት ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ከወለጋና ከአካባቢው የተውጣጡ የኦሮሞ ባላባቶች በማኅበራት ሥልጣን ሥር ሆነን በእንግሊዝ ጥበቃ እንተዳደር ብለው በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል አመለከቱ። ከላይ በተጫነባቸው አገዛዝ ቅር የተሰኙ ሰዎች ነበሩ፤ ኢጣሊያንም አልፈለጉም። አንዱ ወገን ስለ መንግሥቱ፣ ሌላው ወገን ስለ አገሩ ወደዚያው ደጃፍ ሄዱ። እንግሊዝ ጥያቄውን አልተቀበለችም። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አረፉ። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ ከእነሱ ጋር ነበር። የመጡት የነቀምቴውን ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን አግኝተው ያለ ጦርነት ወለጋን ለመረከብ ነው። ጥቁር አንበሶች ይህን ሰሙ። በሌሊት ተጉዘው ሳይነጋ ደረሱባቸው። ጄኔራሉንና አብረውት የነበሩትን ገደሉ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። አባ ቦሬሎ የሚባሉ ሚሲዮናዊ ተረፉ።

ቀኑን ልብ በሉት። ቦነያ ሰኔ 20 ቀን ሊነጋ ሲል ነው። በሰኔ 23 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ሸንጎ ቆመው ተናገሩ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው፤ ፖሊስ አስወጣቸው። ኢጣሊያ በዚያ ስብሰባ «ኢትዮጵያ የምትባል አገር የለችም፤ ነገሩ አልቋል» ትል ነበር። ነገሩ እንዳላለቀ ግን የቦነያ አመድ ገና ሳይበርድ ይመሰክር ነበር። ይህን ማንም በትምህርት ቤት አልነገረኝም፤ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነው ያየሁት።

ሸንጎው የወሰነው የሚከተለውን ነው። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ብድር ውድቅ ሆነ፤ ከራሷ በቀር የደገፈ አልነበረም። ማዕቀቡም በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ተነሣ። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሶች ጋር ወደ ደቡብ አፈግፍገው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ይህን ሁሉ የቻሉት ኢጣሊያ ከሂትለር ጋር እንዳትወዳጅ ብለው ነበር። አገኙት? ገና እኛ ከጋዝ ጋር ስንዋጋ፣ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሂትለር በውል የተከለከለውን የራይን አገር በጦር ያዘ። የከለከለው የለም፤ ሁሉም ዓይኑ ኢትዮጵያ ላይ ነበር። በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ሙሶሊኒና ሂትለር ተወዳጁ። በ1930 ዓ.ም. ሂትለር ኦስትሪያን ዋጠ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ቈርሰው ሰጡት፤ ባለ መሬቷ አልተጠራችም። በኅዳር 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ግዛት ዐወቀች። በዚያው ዓመት መጋቢት ሂትለር ፕራግ ገባ፤ ሙሶሊኒም አልባኒያን ያዘ። በነሐሴ የፖላንድ ተራ ሆነ።

ይህ ሁሉ ከወልወል የመጣ ነው ብዬ አላጋንንም። ከወልወል በፊት ጃፓን በ1924 ዓ.ም. ማንቹሪያ የሚባለውን የቻይና ክፍል ወርራ ነበር። ማኅበሩ መርማሪ ልኮ፣ መጽሐፍ የሚያህል ሪፖርት አስጽፎ፣ ጃፓን ጥፋተኛ ናት አለ። ጃፓን ከማኅበሩ ወጣች፤ መሬቱን ግን አልለቀቀችም። ሙሶሊኒ ከጃፓን ተማረ፤ ሂትለር ደግሞ ከሙሶሊኒ ተማረ። እያንዳንዱ ያየው ነገር ፍርዱን አልነበረም። ከፍርዱ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳለ ነው የተመለከተው። አልነበረም።

ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከሂትለር ጋር ተሰልፎ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ያን ጊዜ እንግሊዝ የኢትዮጵያ አርበኞች ትዝ አሏት። ከአርበኞቹ ጋር ሆና ተዋጋች፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ወለጋ ግን ያን ቀን ነጻ አልነበረችም። ጄኔራል ጋዜራ የሚባለው የኢጣሊያ አዛዥ በምዕራብ በኩል ከነጦሩ ቆይቶ ነበር። ክረምቱ ከገባ በኋላ በሰኔ መጨረሻ ደምቢ ዶሎ ላይ፣ ያን ጊዜ ሳዮ ትባል ነበር፣ እጁን ሰጠ። የተቀበሉት በጋምቤላ በኩል የመጡ የኮንጎ ወታደሮች ናቸው። አዛዦቻቸው ቤልጂጎች ነበሩ። ቤልጂግ በጄኔቫ በማዕቀቡ ላይ እጃቸውን ካነሡት መንግሥታት አንዷ ናት፤ በዚያች ቀን ግን የራሷ አገር በሂትለር ከተያዘ አንድ ዓመት አልፎት ነበር።